በድንጋይ ልብ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ፤ ስለ ወሎ ኦፓልና ስለ ኳርትዝ ዘመዶቹ

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ አስቀድሞ የሚመረምረው ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ነው። በጤፍ ውስጥ አፈር፣ በቅቤ ውስጥ ባዕድ ስብ፣ በማር ውስጥ ስኳር የተገኘ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ የሻጩም ስም አብሮ ይወድቃል። ይህን ሕግ የወረኢሉም ሆነ የመካነ ሰላም ገበያተኛ ከአባቱ የወረሰው ስለ ሆነ አስተማሪ አያሻውም። በከበሩ ድንጋዮች ንግድ ግን ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ይገለበጣል። በውስጡ ባዕድ ማዕድን የታቀፈበት ድንጋይ፣ ንጹሑንና ጥሩውን ወንድሙን በዋጋ በልጦ ሲሸጥ ይታያል። ገዢው የሚከፍለው ለድንጋዩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ላለው ነገርና ለዚያ ነገር ለተሰጠው ትርጓሜ ጭምር ነው።

ይህን ጉዳይ በዚህ ገጽ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወሎ ስም በዓለም የዕንቁ ገበያ የታወቀ ሆኗል። በአሜሪካ አሪዞና በቱሳን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው ታላቅ የዕንቁ ትርኢት፣ በሕንድ አገር በጃይፑር የቀራጮች ሰፈር፣ «ወሎ» የሚለው ቃል የአንድ ጠቅላይ ግዛት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ድንጋይ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ስም ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በአግባቡ ያልተያዘ ስም ከእጅ ያመልጣል። ስለዚህ ድንጋዩ ምን እንደ ሆነ፣ ሰዎች ምን ትርጓሜ እንደ ሰጡት፣ ንግዱም በምን ዓይነት ሥርዓት መካሄድ እንደሚገባው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ስለ ኳርትዝና በውስጡ ስለሚታቀፈው

ኳርትዝ በምድር ቅርፊት ላይ እጅግ ከተስፋፉት ማዕድናት አንዱ ሲሆን፣ የተሠራውም ከአንድ እጅ ሲሊኮንና ከሁለት እጅ ኦክሲጅን ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ብርጭቆን ይጭራል፤ በቢላዋ ግን አይጫርም። በነጻ ቦታ ያደገ እንደ ሆነ ስድስት ጎን ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ እንደ ውሃ የጠራ ምሰሶ ይሆናል። የጥንት ግሪኮች ይህን ጥሩ ድንጋይ «ክሪስታሎስ» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም በረዶ ማለት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ከመጠን በላይ በመቀዝቀዙ የማይቀልጥ የሆነ በረዶ ነው ብሎ አስቦ ነበር። በእኛም ቋንቋ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በዮሐንስ ራእይ ውስጥ ለዚህ ድንጋይ የመረጡት ቃል «ብርሌ» የሚለው ነው። ግሪኩ ጥራትን በበረዶ ሲመስል የእኛ ሰው ግን በጠጅ ዕቃው መስሎታል።

ኳርትዝ ሲያድግ ግን ብቻውን አይደለም። ሦስት ዓይነት ነገር በውስጡ ሊገኝ ይችላል። አንደኛው ከእርሱ በፊት የነበረ ማዕድን ነው፤ ኳርትዙ እየከበበው አድጎ በሆዱ ይዞት ይቀራል። ሁለተኛው ከእርሱ ጋር በአንድ ጊዜ የተፈጠረ ነው። ሦስተኛው ኳርትዙ ካደገ በኋላ በተሰነጠቀው በኩል ሰርጎ የገባ ነው። እንደ ወርቅ ክር የሚያበራው መርፌ ሩታይል የተባለው የቲታኒየም ማዕድን ነው። ጥቁሩ ዘንግ ቱርማሊን ነው። እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ በውስጥ የሌላ ትንሽ ተራራ ጥላ የሚመስለው ክሎራይት ነው፤ ይህም ድንጋዩ ዕድገቱን ለጊዜው አቁሞ ሳለ በላዩ ላይ የተኛ ትቢያ ነው። ቀዩ የብረት ዝገት ነው። አልፎ አልፎም ከነአረፋዋ የተዘጋች፣ ድንጋዩን ሲያዘነብሉት የምትንቀሳቀስ የውሃ ጠብታ ትገኝበታለች።

እንግዲህ አንዱ ነገር ለአንዱ ነውር፣ ለሌላው ጌጥ መሆኑን ልብ ይሏል። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት በአንድ ሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱም የሚቆጥረው በዚህ ነው። ለዚህ ሥራ አንዳች ባዕድ ነገር ያለበት ኳርትዝ አይፈለግም፤ ስለዚህ የሰዓት ፋብሪካዎች በሰው ብልሃት የበቀለውን ንጹሕ ኳርትዝ ይጠቀማሉ። ጌጥ ሠሪው ግን ሰዓት ሠሪው የጣለውን አንሥቶ፣ የወርቅ ክር ያለበትን አክብሮ በቀለበት ላይ ያኖረዋል።

ሰዎች ስለ ሰጡት ትርጓሜ

ሰው በድንጋይ ውስጥ ያየውን ነገር ሳይተረጉም አያልፍም። አውሮፓውያን በኳርትዝ ውስጥ ያለውን የወርቅ ክር «የቬኑስ ጠጉር» ብለው የፍቅር ምልክት አድርገውታል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ኳርትዝ፣ ማለት አሜቴስጢኖስ፣ በግሪክ ቋንቋ «የማያሰክር» ማለት ስለ ሆነ ከስካር ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ መልኩን የሰጠው ግን በውስጡ ያለው ጥቂት ብረትና ከአለቱ የሚመነጨው የተፈጥሮ ጨረራ ነው።

በእኛም ዘንድ የድንጋይ ትርጓሜ ሥር የሰደደ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 እንደ ተጻፈው፣ ሊቀ ካህኑ አሮን በደረቱ ላይ በሚያደርገው ልብሰ እንግድዓ ላይ 12 ዕንቁዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከእስራኤል ነገዶች የአንዱን ስም የተሸከመ ነበር። ከእነዚህም መካከል ሰርድዮን፣ ኢያስጲድና አሜቴስጢኖስ ይገኛሉ። ዛሬ በእነዚህ ስሞች የሚጠሩት ድንጋዮች ሦስቱም የኳርትዝ ወገን ሲሆኑ ሰርድዮንና ኢያስጲድ መልካቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው በውስጣቸው ከተበተነው የብረት ማዕድን ነው። በእስልምናም በኩል፣ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ከብር የተሠራ፣ ፈርጡም ሐበሻዊ እንደ ነበረ በሐዲስ ተመዝግቧል፤ ከሊቃውንቱም ብዙዎች ይህ ፈርጥ ዐቂቅ ወይም ጀዝዕ ነው ብለው ተርጉመውታል። እነዚህም የኳርትዝ ወገን ናቸው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚውልበት በወሎ ምድር፣ ሁለቱም ወገኖች ለአንድ ዘር ድንጋይ ክብር ሰጥተው መገኘታቸው የሚያስደስት ነው።

የኳርትዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኦፓል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ኦፓልም እንደ ኳርትዝ የሲሊካ ልጅ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ውሃ አለበት፤ እንደ ኳርትዝም በስድስት ጎን አያድግም። ፕሊኒ በአንድ ኦፓል ውስጥ የቀዩን ዕንቁ እሳት፣ የአሜቴስጢኖስን ወይን ጠጅና የመረግድን አረንጓዴ አንድነት እንዳየ ጽፏል። ኖኒዩስ የተባለው የሮማ የሕግ መወሰኛ አባል፣ ማርቆስ አንጦንዮስ የጠየቀውን የኦፓል ቀለበት ከመስጠት ይልቅ ስደትን እንደ መረጠም ይኸው ጸሐፊ ይተርካል። በአውሮፓ ግን እ.ኤ.አ. በ1829 ዋልተር ስኮት ያሳተመው አንድ ልብ ወለድ ኦፓል መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚለውን ወሬ አስፋፍቷል ይባላል። በኋላ አውስትራሊያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ብዙ ኦፓል ማውጣት ስትጀምር ወሬው እየሳሳ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር የየወሩን ዕንቁ በዝርዝር ሲወስን ኦፓልን ለኦክቶበር ወር ተወላጆች መደበው። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ የሚማረው አለ። ትርጓሜ ዋጋን ይጥላል፤ ትርጓሜ ዋጋን ያነሣል፤ ድንጋዩ ግን ያው ነው።

ደላንታ ስለ ሰጠችው

ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ የደላንታ አምባ ይገኛል፤ ከተማውም ወገል ጤና ይባላል። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስፈለጡ መንገድ አውጥተው ወደ መቅደላ የተሻገሩት በዚሁ ምድር ነው። ያ ሠራዊት የረገጠው አለት በውስጡ ምን እንደ ያዘ የታወቀው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ግሼ ቡናማ ኦፓል ተገኝቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢዎችን ስላሳዘነ ስሙ ሩቅ አልሄደም። የደላንታው ነጭና ቢጫ ኦፓል ግን ጠንከር ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአውስትራሊያው ጋር ለመወዳደር በቃ።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የወሎ ደጋ የተሠራው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። የወረኢሉ፣ የቦረና፣ የለጋምቦና የደላንታ ጥቁር ድንጋይ ሁሉ የዚያ ፍሰት ልጅ ነው። በፍሰቶቹ መካከል ደግሞ ኢግኒምብራይት የሚባል የረጋ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ። አመዱ በዝናብና በጊዜ ብዛት ሲበሰብስ በውስጡ የነበረው ሲሊካ በውሃ እየሟሟ በቀዳዳው ሁሉ ገባ፤ በዚያም ረግቶ ኦፓል ሆነ። ኦፓል ያለበት ይህ ንብርብር በወገል ጤና እጅግ ስስ ሲሆን፣ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል።

የኦፓል ኅብረ ቀለም ከቀለም የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳሳዩት፣ በድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች በመደዳ ተደርድረው ይገኛሉ። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ድንጋዩን ባዞሩት ቁጥር ቀዩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ሲሆን ይታያል። ሰልፉ የተስተካከለ ከሆነ ድንጋዩ ይነድዳል፤ የተዘበራረቀ ከሆነ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ተነሣንበት ነገር ስንመለስ፣ የደላንታ ኦፓልም በሆዱ ባዕድ ማዕድን ይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በውስጡ ፒራይት የተባለው ወርቅ መሳይ የብረትና የድኝ ማዕድን፣ ባሪየምና ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ማዕድን፣ አልፎ አልፎም ራሱ ካርቦን ይገኛሉ። ጥቁሩ ማዕድን አንዳንድ ጊዜ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ስለሚታይ ያላወቀ ሰው የተክል ቅሪት ነው ይለዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የታሸገ እንዲህ ያለ ሥዕል ያለበት ድንጋይ፣ ነቁጥ አለበት ተብሎ በርካሽ መጣል የሚገባው አይደለም፤ በማጉያ መነጽር የሚመለከተው አዋቂ ገዢ ይፈልገዋል። በአንጻሩም ይህ ባዕድ ነገር ድንጋዩ ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑን ከሚያመለክቱ ምስክሮች አንዱ ነው።

የውሃና የጢስ ፈተና

የወሎ ኦፓል ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። በውሃ ውስጥ የተነከረ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ኅብረ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ የጠራ ይሆናል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህ ጠባይ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስደንቅ ነው። ችግሩ ያለው በሚዛን ላይ ነው። ውሃ የጠገበ ድንጋይ ክብደቱ እስከ አንድ ዐሥረኛ ድረስ ሊጨምር ይችላል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለ ሆነ 100 ግራም ደረቅ ኦፓል 500 ካራት ነው። ይኸው ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ 110 ግራም የመዘነ እንደ ሆነ ገዢው የ550 ካራት ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚህም ውስጥ 50 ካራቱ ውሃ ነው። ውሃው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ይተናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በገዢው አገር ሚዛኑ ሲጎድል የሻጩ ስም ይጎድላል፤ የሻጩ ስም ብቻም ሳይሆን የወሎ ስም ጭምር።

ሁለተኛው ፈተና ጢስ ነው። ጥቁር ኦፓል በዓለም ገበያ ከነጩ ይልቅ ይወደዳል። በወሎም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2013 በስታይሽ በተፈጥሮው የጠቆረ ኦፓል ተገኝቷል። ነገር ግን ድንጋዩ ማንኛውንም ነገር የሚጠጣ በመሆኑ ነጩን በጢስ አጥቁረው ወይም በቀለም ነክረው የሚሸጡ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አስረድቷል። ጢሱ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ስለ ሆነ ድንጋዩ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ተፈጥሮ በኦፓሉ ልብ ያኖረችው ካርቦንና ሰው በጢስ የቀባው ጥላሸት በመሠረታቸው አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ዋጋ የሚጨምር ምስክር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳይነገር የተሸጠ እንደ ሆነ ማታለል ነው። ልዩነቱ በንጥረ ነገሩ ሳይሆን በሻጩ አንደበት ላይ ነው።

ከገደሉ ወገብ እስከ ጃይፑር

ይህን ድንጋይ የሚያወጣው ማሽን አይደለም፤ ገበሬውና የገበሬው ልጅ በዶማና በመዶሻ ነው። ንብርብሩ በገደል ወገብ ላይ ስላለ ቆፋሪው ወደ ውስጥ ጠባብ ዋሻ እየነደለ ይገባል። በላዩ ያለው ተራራ ደጋፊ ምሰሶ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች በውስጥ እንደ ተዘጋባቸው በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ሁሉ የተነገረ ነው። በሩቅ አገር ያለች ሙሽራ የተስፋ ምልክት ብላ በጣቷ የምታደርገው ድንጋይ፣ በዚህ በኩል የአንድ እናት ልጅ ሕይወት የተያዘበት ነው።

ከዋሻው የወጣውም ድንጋይ አብዛኛው ሳይሞረድ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከሚቀረጽባቸውም ቦታዎች ዋናው ጃይፑር ነው። በዚያ ኦፓሉ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ትርጓሜው በሚያምር ወረቀት ተጽፎለት፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ከሕንድ ጋር የዕንቁ ንግድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ዘመን ኢትዮጵያውያን ከብሌምዮች መረግድ እየገዙ ወደ ሕንድ ይወስዱ፣ በዋጋውም የሕንድን ሸቀጥ ይገዙ ነበር። ያን ጊዜ ዕንቁውን ተሸክሞ ባሕር የሚሻገረው የእኛ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ ግን ገዢው እስኪመጣ የሚጠብቀው የእኛ ነጋዴ ነው። በዚህ መካከል ያለውን ርቀት መመርመር የነጋዴዎች ሁሉ ግዴታ ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል

አንደኛ፣ ኦፓል ሲመዘን ደርቆ ይመዘን። ገዢና ሻጭ ድንጋዩን ለጥቂት ቀናት በደረቅ ቦታ አስቀምጠው ክብደቱ መለዋወጡን ሲያቆም ቢመዝኑት ጭቅጭቅ አይኖርም። ይህ ልማድ በደሴና በወገል ጤና ከጸና፣ የወሎ ሚዛን በሩቅ አገር የታመነ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የጠቆረውም ሆነ የተነከረው ድንጋይ በግልጽ ተነግሮና በደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይሸጥ። የተጨሰ ድንጋይ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ የተጨሰውን ያልተጨሰ ብሎ መሸጥ ግን ወንጀል ነው።

ሦስተኛ፣ ባዕድ ማዕድን የታቀፈበትን ኦፓልም ሆነ ኳርትዝ ሳይመረምሩ ከግርዱ ጋር መጣል ይቅር። ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ያለው ነጋዴ በነቁጡ ውስጥ ያለውን ሥዕል አይቶ ለይቶ ሊያስቀምጥ ይችላል። የወረኢሉና የቦረና ነዋሪም በጥቁር ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ባልጩት ወይም የጠራ ቅንጣት ሲያገኝ እንዲሁ ከመጣሉ በፊት ለአዋቂ ቢያሳይ አይጎዳም።

አራተኛ፣ ቀረጻ በአገር ይለመድ። የኦፓል መሞረጃ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልገውም፤ ትንሽ መንኰራኩር፣ ውሃ፣ መብራትና የታገሠ እጅ ይበቁታል። በብርና በቀንድ ሥራ እጁን ያሠለጠነ የወሎ ጠቢብ ይህን ቢማር የሚያቅተው አይደለም። ድንጋዩን ቀርጾ የሚሸጥ አገር የዋጋውን ቁራሽ ሳይሆን እንጀራውን ይበላል።

አምስተኛ፣ ትርጓሜው እንደ ትርጓሜ ይነገር። ኦፓል ተስፋን፣ የወርቅ ክር ያለበት ኳርትዝ ፍቅርን ያመለክታል ብሎ መሸጥ የተለመደ የንግድ ወግ ነው፤ በሽታን ይፈውሳል፣ ዕድልን ይለውጣል ብሎ መሸጥ ግን ነጋዴን ወደ ጠንቋይ ወገን ይጥለዋል። ከሌላው አገር ከተዋስነው ትርጓሜ ይልቅ የራሳችን ይበቃናል፤ የአሮን ልብሰ እንግድዓ፣ የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የብር ቀለበት፣ የመቅደላ መንገድ፣ የ30 ሚሊዮን ዓመት እሳት። ይህን ታሪክ ከድንጋዩ ጋር ጽፎ የሚልክ ነጋዴ አንድ ካራት ሳይጨምር ዋጋ ይጨምራል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዋሻው ይደገፍ። የቆፋሪዎች ማኅበራት ምሰሶ የሚያቆሙበት፣ ከዝናብ በኋላ ገደሉን የሚመረምሩበት፣ ጥልቁን ዋሻ የሚዘጉበት ገንዘብ ከንግዱ ትርፍ መውጣት ይኖርበታል። ከድንጋዩ የሚያተርፍ ሁሉ፣ ቆፋሪም ደላላም ላኪም፣ ከትርፉ ለዚህ ቢያዋጣ ንግዱን ያጸናል እንጂ አያጎድልም። ኦፓል በገደሉ ወገብ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል፤ ምሰሶ እስኪቆም ደግሞ አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም።